ፈጣን ስልክ ወይስ የተገራ ስልክ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ስልክ ለሚገዛ ሰው የሚበልጠው የመሣሪያው ፍጥነት ነው ወይስ የሶፍትዌሩ አሠራር? ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ጎንደር ከተማ ይሠራሉ። አንደኛዋ የሰርግና የበዓል ፎቶ አንሺ ናት፤ ሌላው ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግኑ ባለሙያ ናቸው። የስልኮቹና የሶፍትዌሮቹ ዓመታት የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፎቶ አንሺዋ፣ ለመሣሪያው

ፍጥነት ቅንጦት ነው ሲባል እናደዳለሁ። ስልክ ለእኔ እንጀራዬ ነው። ጥር 11 ማለዳ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ መዝለል ሲጀምሩ፣ ካሜራው እስኪከፈት ድረስ ቆሞ የሚጠብቀኝ የለም። በዚያ ሰዓት የሚያቅማማ ስልክ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ አይረባኝም።

ገዢዎች ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የስልኩን ስሌት ስለሚሠራው ክፍል፣ ብቻ ይጠይቃሉ። የማከማቻውን ዓይነትም ቢጠይቁ መልካም ነበር። በርካሽ ስልኮች ውስጥ የምናገኘው ኢኤምኤምሲ 5.1 የተባለው የማከማቻ ዓይነት የመረጃ መስመሩ በሴኮንድ ከ400 ሜጋባይት አያልፍም፤ በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ወይ ያነብባል ወይ ይጽፋል እንጂ ሁለቱን አብሮ አይችልም። ዩኤፍኤስ 3.1 የተባለው ማከማቻ ግን በሴኮንድ 2 ሺሕ ሜጋባይት ገደማ ያነብባል፤ እያነበበም ይጽፋል። ቪዲዮ እየቀረጹ ሌላ ነገር ሲነኩ ስልኩ ቀጥ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጠባብ መስመር ነው። ይህን የሚያሰፋ ሶፍትዌር የለም።

ጠጋኙ፣ ለሶፍትዌሩ

እህቴ፣ ስልክ ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሰው ለሶፍትዌር መከራከሩ ያስገርምሽ ይሆናል። ነገር ግን «ስልኬ ተንቀራፈፈ» ብሎ የሚመጣውን ደንበኛ ስልክ ስመረምር ብዙ ጊዜ ቦርዱ ጤነኛ ነው። ማከማቻው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባለቤቱ የማያውቃቸው መተግበሪያዎች ውስጥ ለውስጥ ይሠራሉ፤ ሶፍትዌሩም ከተገዛ ጀምሮ አልታደሰም። እነዚህን ሳስተካክል ስልኩ ነፍስ ይዘራል፤ መፍቻ እንኳ አላነሣሁም።

ካሜራን ካነሣሽ በካሜራ ልመልስልሽ። አፕል በ2018 የአይፎን ሶፍትዌር የሆነውን አይኦኤስ 12ን ሲያወጣ፣ በ2014 በተሠራው አይፎን 6 ፕላስ ላይ ሞክሮ ካሜራው እስከ 70 በመቶ፣ የፊደል ሰሌዳው እስከ 50 በመቶ ፈጥኖ እንደሚከፈት አስታውቋል። ያው አሮጌ ስልክ፣ ያው 1 ጊጋባይት ራም (ስልኩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ነው። በ2017 የወጣው የጎግል ስልክ ፒክስል 2 ደግሞ፣ ሌሎች ሁለተኛ ሌንስ ሲጨምሩ፣ ከኋላው አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ ፊትን አጥርቶ ጀርባን የሚያደበዝዝ ፎቶ በስሌት ያነሣ ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት አልፎ የተሸጡ አንድሮይድ ስልኮች ግን አማርኛን በባዶ ሳጥን ያሳዩ ነበር። ፕሮሰሰራቸው አንሶ አልነበረም፤ የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፋይል ስላልተጫነባቸው ነው። እናቱ የላከችለትን መልእክት ማንበብ ላቃተው ሰው የስልኩ ፍጥነት ምን ይጠቅመዋል?

ፎቶ አንሺዋ

ጋሼ፣ በፊደሉ ጉዳይ አልከራከርዎትም። ፒክስልን ግን አልለቅልዎትም። የፒክስል 2 የኋላ ካሜራ ሰንሰር፣ ማለት ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ እያንዳንዱ ነጥቡ ለሁለት የተከፈለ ስለነበር አንዱን ነገር በጥቂቱ ከተለያዩ ሁለት ማዕዘኖች ያይ ነበር። ስሌቱ የቅርቡን ከሩቁ የለየው ከዚያ ባገኘው መረጃ ነው።

አፕልንም ካነሡ፣ በ2017 መጨረሻ ያመነውን አይርሱት። ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ በሶፍትዌር ያዘገያቸው እንደነበር ተናገረ፤ ቁጣው ሲበረታም የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ባትሪው የተቀየረለት ስልክ ፍጥነቱ ተመለሰለት። በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ ደከመ፣ ስልኩም አብሮ ደከመ። ይህን በየቀኑ ባትሪ ከሚቀይር ሰው በላይ ማን ያውቃል?

ጠጋኙ

ባትሪውን ለራሴ ወገን ነው የምቆጥረው። ባትሪማ ያረጃል። ስልኩን ግን ቀስ በል ብሎ ያዘዘው በ2017 መጀመሪያ የወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ነው፤ ሕዝቡን ያስቆጣውም ባለቤቱ በግልጽ ሳይነገረው መደረጉ ነው። በኋላ በአይኦኤስ 11.3 ባለቤቱ ራሱ ማዘግየቱን ማጥፋት ቻለ። ማያውን በመንካት የሚመለስ ፍጥነት ከመሣሪያው ጠፍቶ አያውቅም። የፒክስል 2 የፊት ካሜራም ያልሽው የተከፈለ ሰንሰር አልነበረውም፤ እንዲያም ሆኖ ጀርባውን ያደበዝዝ ነበር።

ደግሞስ ስንቱ ሰው ነው በስልኩ ሰርግ የሚቀርጸው? እኔ ዘንድ የሚመጡት የአዘዞ ባጃጅ ነጂ፣ ቅዳሜ ገበያ እህል የምትሸጥ እናት፣ የማራኪ ግቢ ተማሪ ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ገንዘባቸው የሚያልፈው በዚያው ስልክ ነው። የደኅንነት እድሳት የተቋረጠበት ስልክ ለሌባ የተጋለጠ ነው። ጎግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት እድሳት ቃል ገብተዋል። እኛ ገበያ ላይ የሚበዙት ርካሽ ስልኮች ግን አንድ ሁለት ዓመት ታድሰው ይረሳሉ። እኔ የምታገለው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ፎቶ አንሺዋ

እኔም ለእነርሱ ነው የምናገረው! የሰባት ዓመቱ ቃል የተገባው 8 ጊጋባይት ራምና ከዚያ በላይ ላላቸው ስልኮች ነው። መሣሪያው ካልቻለ እድሳቱ ራሱ ሸክም ይሆናል። ጎግል በ2017፣ 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች አንድሮይድ ጎ የተባለ የቀለለ ዓይነት ለብቻው ያዘጋጀው ዋናው ስለከበዳቸው አይደለምን? ሶፍትዌር ነገም ይጫናል። ራምና ማከማቻ ግን ቦርዱ ላይ ተበይደው ነው የሚመጡት፤ አንሶ የተገዛ አንሶ ይኖራል። እህል ሻጯ እናት ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ ከአዲስ ደካማ ስልክ ይልቅ ጥሩ ማከማቻ ያለው ያገለገለ ስልክ ግዢ እላታለሁ።

ጠጋኙ

ያገለገለ መግዛቷን አልቃወምም። ነገር ግን ገንዘቡን ከመቁጠሯ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የመጨረሻው የደኅንነት እድሳት የተሰጠበትን ቀን ታንብብ፤ ካልቻለች ልጇን ታስነብብ። ቀኑ ሁለት ዓመት አልፎት ከሆነና አዲስ እድሳትም ካልመጣለት፣ ማከማቻው ምንም ያህል ቢፈጥን ቴሌብሯን እዚያ ላይ አትክፈት።