ይድረስ ለሰፈራችን ትራንስፎርመር

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን ትራንስፎርመር፤
ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ምሰሶ ላይ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር፣ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን በዛ። በሳምንት ሦስቴ ይሄዳሉ። ሲሄዱ አይሰናበቱ፣ ሲመጡ አያንኳኩ። ይህን የምጽፈው በሻማ ነው። የስልኬ ቻርጅ 19 ፐርሰንት ነው የቀረው፤ ፊደል ከገደፍኩ ጥፋቱን እኩል እንካፈላለን።

ጉዳዬ የገና ዋዜማን ይመለከታል። ታኅሣሥ 28፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ35። ያስታውሱታል ብዬ አስባለሁ። “ጧ!” ያሉት እርስዎ ነዎት።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ በየዓመቱ ለገና አክስቴ ቤት ድፎ ዳቦ ይዤ ነው የምሄደው። አክስቴም “ውይ ለምን ተቸገርሽ” ትልና ሌሎች የዘመድ ድፎዎች ከተደረደሩበት ጥግ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ አንዱ ይቆረሳል። የእኔ ተቆርሶ አያውቅም። ማታ ስወጣ “ባዶሽን አትሄጂም” ተብዬ አንድ ድፎ እሸከማለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሳየው የራሴው ነው። እና ዘንድሮ ነቃሁ። ኬክ እጋግራለሁ አልኩ። ክሬም የለው፣ “እንኳን አደረሳችሁ” የሚል ጽሑፍ የለው፤ ረዘም ያለ፣ ጡብ የሚመስል፣ ብርቱካንና ሎሚ የሚሸት፣ ቅመም የገባበት ኬክ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት “ብርቱካን ይበላል እንጂ ይጋገራል እንዴ?” አለች። እሷም ልክ ናት፤ ብርቱካኑን የገዛሁበትን ዋጋ ብትሰማ ደግሞ “ይበላል” የሚለውንም ትተወው ነበር።

ዝርዝሩን ልንገርዎት፣ ምን እንዳጠፉ እንዲገባዎት። 250 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 180 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 እንቁላል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ የአንድ ብርቱካን ጭማቂ። ከዚያ የሁለት ብርቱካንና የሦስት ሎሚ ልጣጭ በመፈቅፈቂያ። የኛ ሎሚ ትንሽ ነው፣ ቆዳውም ስስ ነው። ትንሽ ከጨከኑበት ነጩ ላይ ይደርሳሉ፤ ነጩ ይመራል። እኔ ከሎሚው አልፌ የራሴን ጣት ፈቅፍቄያለሁ (ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም፣ እርስዎም ይጠብቁልኝ)። ምስጢሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጣጩን ከስኳሩ ጋር በጣት ማሸት። ስኳሩ ልጣጩን ሲፈጨው ዘይቱ ይወጣል፣ ስኳሩም እርጥብ አሸዋ ይመስላል፣ ቤቱ በሙሉ በመዓዛው ይታወዳል። የደረጃው ሰው ሁሉ ሽንኩርት በሚያቁላላበት ቀን የእኔ በር ላይ ብርቱካን መሽተቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ቅመሙን ከአቃቂ ገበያ ነው ያመጣሁት። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ። ሦስተኛው ከገባ ኬኩ የጥርስ መድኃኒት ይሆናል። ስልኬ ላይ ያየሁት አሠራር ሄል ጨምሩ ይላል። እኔ ኮረሪማ ጨመርኩ። ኮረሪማን ለወጥና ለቅቤ ብቻ የፈረደበት ማነው? ቅርፊቱን ሰብሬ፣ ፍሬውን ለይቼ፣ ወቀጥኩት። ከብርቱካን ጋር እንዲህ የሚዋደድ ቅመም አላየሁም። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፤ መብራት ሲመጣ እንከራከራለን።

አንድ ችግር ነበር። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን። ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሊጥ አንድ ሰዓት ሙሉ እየመታሁ ጣቴን መላስ አልችልም። ስለዚህ የጎረቤቴን የ5 ዓመት ልጅ ቀማሽ አድርጌ ቀጠርኩ። ዳኝነቱ አያስተማምንም። ጨው ሳልጨምር “ይጣፍጣል” አለ። ጨምሬም “ይጣፍጣል” አለ። ባዶ ስኳር ሰጠሁት፤ “ይሄ ይበልጣል” አለ።

10 ሰዓት ከ5 ላይ ኦቭኑን 175 ዲግሪ አሙቄ ኬኩን አስገባሁ። 55 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። እኔም ወንበር ስቤ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ፣ ቴሌቪዥን እንደማይ። ከፍ አለ። ኧረ ከፍ አለ! መሐሉ እንደ ድፎ ተነፋ፣ ጫፉ ወርቅ መሰለ። 25 ደቂቃ ቀረው። ጧ!

ይቅርታ፣ ከዚህ በኋላ አንተ ልልህ ነው። ተዋውቀናል። አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት ቻርጀርና ቁጥራቸውን የማላስታውሳቸው አምፖሎች በልተህብኛል። የበላህብኝን ያህል የበላብኝን ሰው ሁሉ አንተ ነው የምለው።

ስማ። ኬክ እንደ ድፎ አይደለም። የድፎ ሊጥ እርሾ ነው፣ ታጋሽ ነው፤ ብትዘገይበት ኩፍ እያለ ይጠብቅሃል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ፈሳሽ ሲነካው ሥራ ይጀምራል። የብርቱካኑ ኮምጣጣነት ደግሞ ያጣድፈዋል። የቀረውን ሥራ ሙቀት ይጨርሰዋል። አረፋው ሊጡን ወደ ላይ ይገፋል፣ እንቁላሉና ዱቄቱ ደርቀው ቅርጹን እስኪይዙ ድረስ ተሸክሞ ይቆያል። ልክ በዚህ መሐል፣ ገና ሳይደርቅ፣ ሙቀቱን ከነጠቅከው አረፋው ይሟሽሻል። ይሰረጉዳል። ስርጉድ ጉንጭ ላይ ያምራል። ኬክ ላይ አያምርም። እኔ በስልኬ ባትሪ አበራሁና በመስታወቱ አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ቁልቁል ወረደ።

ደረጃው ላይ ወጣን። ሁሌም እንደምንወጣው። ሁሉም እጁ ላይ ወይ ማማሰያ ወይ ሊጥ ይዟል። አንዱ “የሁሉም ነው ወይስ የኛ ብቻ?” ይላል። ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያጽናና አንተ አታውቀውም፤ ጨለማ የጋራ ሲሆን ይቀላል። ነገር ግን ማዶ ያለው ብሎክ ቦግ ብሏል። ከአራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን፣ በሙያው ሹፌር፣ በመብራት ጉዳይ ግን የሰፈሩ ኢንጂነር፣ ወደ አንተ አንጋጦ አየና ፈረደ፦ “አንድ ፌዝ ነው የጠፋው።” አንድ ፌዝ! ወንድሜ፣ እዚህ ሰፈር ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ፌዝ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ደወልን። ቅሬታችን ተመዘገበ። የሚመዘገብበት መዝገብ አሁን ስንት ሺህ ገጽ እንደደረሰ ሳስብ ለጸሐፊው አዘንኩ።

እኔን የሚገርመኝ ርቀቱ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጉባ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እዚህ ግቢ ውስጥ እስክስታ ወርደናል። የቦንድ ወረቀቴ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ አልፎ አልፎ አውጥቼ አየዋለሁ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አሮጌው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም ጎረቤት ነው። ኃይሉ ተራራ ይሻገራል፣ ሸለቆ ይሻገራል፣ አገር ያቋርጣል፣ ተጉዞ ተጉዞ አንተ ጋ ይደርሳል። ከአንተ እስከ እኔ ኦቭን ሃምሳ እርምጃ ነው። እዚያ ላይ ይቀራል። የሥራ ድርሻህ እኮ አንድ ነው፤ 15 ሺህ ቮልቱን ተቀብለህ አውርደህ 220 አድርገህ መስጠት። አውርድ ብንልህ ጭራሽ አወረድከው።

እሺ፣ እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት አንተ ላይ ምን እንደተጫነ አውቃለሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ዋዜማ ነው፣ እንጀራ የማይጋግር ቤት የለም። 30 ምጣድ ባንዴ ቢለኮስ ከ90 ኪሎ ዋት በላይ ነው። እያንዳንዳችን “የኔ አንዷ ምጣድ ምን ታደርገዋለች” ብለን ነው የምንለኩሰው። እኔም “የኔ አንዷ ኦቭን” ብዬ ነው። የዶሮው ድስት የተጣደበትን ምድጃ አልቆጠርኩትም። የውኃ ማሞቂያውንም አልቆጠርኩትም። ካውያውም ተሰክቶ ነበር መሰለኝ። ይህን አንቀጽ ለማንም እንዳታነበው።

ኬኬን ያዳነችው ከታች ያለችው እማማ ናት። ኮሚናሉ ጓሮ ከሰል ምድጃዋ ፊት ቁጭ ብላለች። የእሷ ድፎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ኮባ ላይ ተጋግሮ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ያርፋል። “እማማ ለምን በኤሌክትሪክ አልጋገሩም?” አልኳት። ወደ ምሰሶው በአገጯ ጠቆመችና “እሱን አምኜ ሊጥ አላቦካም” አለች። ከዚያ የእኔን መጋገሪያ አየች። “ልጄ፣ ይሄ ምንድነው? ቂጣ ነው?”

ከዚህ በላይ የተዋረድኩበት ቀን የለም።

ግን እማማ ናትና አልተወችኝም። ትልቁን ድስቷን አመጣች፣ ከሥሩ ጠጠር በተነች፣ መጋገሪያዬን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠች፣ ከደነች፣ ክዳኑ ላይ ፍም ደረደረች። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት። “አትክፈቺው” አለች። ልከፍተው ስል እጄን መታችው። ሁለቴ። 40 ደቂቃ አካባቢ ሲሆነው የጥርስ ስንጥር ወግታ አወጣች፤ ንጹሕ ወጣ። ኬኩ መሐሉ ስርጉድ፣ ጎኑ ጠቆር ያለ፣ በግራ በኩል ትንሽ ያነከሰ ነበር። ታንኳ ይመስላል። ሽታው ግን፣ የከሰሉ ጢስ ከብርቱካኑና ከኮረሪማው ጋር ተደባልቆ፣ ጾም ላይ ላለ ሰው የሚሸት ነገር አይደለም።

አንተ መቼ መጣህ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን በነበርንበት ሰዓት። ከቅዳሴ ስመለስ መስኮቴ ከሩቅ ቦግ ብሎ አየሁት። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ለባዶ ሶፋ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ይጨፍራል። ካውያውም ተሰክቶ ነበር (መሰለኝ ያልኩት ላይ እርግጠኛ ሆንኩ፣ በሸሚዙ)። ኦቭኑን ደግሞ በድንጋጤ ኬኩን ስጎትት ማጥፋት ረስቻለሁ፤ 175 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ ባዶ አየር እየጋገረ አገኘሁት። ለእውነተኛ ኬክ 25 ደቂቃ የነፈግከኝ ለአየር ሁለት ሰዓት አበደርከኝ። ካርድ ቆጣሪውን አየሁት። ማበደር እንዳልነበረም ገባኝ።

አክስቴ ቤት? ድፎዎቹ እንደተለመደው ተደርድረዋል። ኬኩን አወጣሁ። ፊቱን አይተው ዝም አሉ፣ የኛ ቤተሰብ ዝም ሲል ደግሞ ከባድ ነው። ከዚያ አክስቴ ቀመሰችና “ጢስ ጢስ የሚለው ነገር ግን ደስ ይላል፣ ምን ጨመርሽበት?” አለች። “ከሰል” አልኩ። ሳቁ። አለቀ። ፍርፋሪው ጭምር። ማታ ስወጣ የሌላ ሰው ድፎ ተሸክሜ ነው የወጣሁት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን የምነግርህ ምስጋና ትጠብቅ ዘንድ አይደለም። ምስጋናው የእማማ ነው። አንተ ድርሻህ ስርጉዱ ብቻ ነው።

አሁን የምጠይቅህ ትንሽ ነገር ነው። ጥር 10 ከተራ ነው። አክስቴ “ያንን ጢሳም ኬክ ይዘሽ ነይ” ብላለች። እኔ በኦቭን ልጋግረው ነው የማስበው፤ የምትሄድበትን ሰዓት ብቻ አስቀድመህ ንገረኝ። ሠርግ እንኳ ካርድ ይበተንለታል። ካልሆነም ያቺን 55 ደቂቃ ብቻ ዋስ ሁነኝ። ጥምቀት ላይ ሎሚ የሚወረወረው ለሚወዱት ሰው ነው፤ አንተ ላይ የምወረውረው ከሆነ ግን ትርጉሙ ሌላ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ቻርጄ 4 ፐርሰንት ገባ። ልጨር

መጣ! ልጆቹ ደረጃው ላይ “መጣ!” እያሉ ነው!

የተከበሩ ትራንስፎርመር ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ! ከላይ በስሜት የጻፍኩትን ከቁም ነገር እንዳይቆጥሩት። አንተ ያልኩትም በፍቅር ነው። ስልኬን ሰካሁት። ኦቭኑንም ለሙከራ ብቻ ላሙቀው፣ አንዲት ትንሽ ሊጥ አለችኝ፣ እርስዎ መቼም ጨዋ ስለሆኑ

ሄድክ?