ኪዮጃ ላይ ዓሣውን አስቀድማችሁ አስመዝኑ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጣሊያን ውስጥ ቬኒስ አጠገብ ባለችው የኪዮጃ ከተማ ዓሣ መብላት ኪስ ያራቁታል ይላል። ብዙ ጊዜ በልቼባታለሁና አልስማማም። ሰው የሚደነግጠው ዋጋውን ሳያይ ሲያዝ ነው። ሜኑው ላይ «ኤቶ» የሚል ካለ የተጻፈው የ100 ግራም ዋጋ ነው። 6 ዩሮ ብሎ 800 ግራም ዓሣ ከመጣ 48 ዩሮ ሆነ ማለት ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሒሳቡ ሲመጣ ክው ብያለሁ። ሳይጠበስ በፊት አስመዝኑ፤ ማንም አይቀየማችሁም። «ኮፔርቶ» የሚባለውም የዳቦና የገበታ ሒሳብ ነው፣ ቲፕ አይደለም።

ሳርዴ ኢን ሳኦር ሳትቀምሱ ግን እንዳትመለሱ! ሰርዲኑ ይጠበስና በኮምጣጤ በበሰለ ሽንኩርት ተሸፍኖ ያድራል። የሚቀርበው ቀዝቅዞ ነው። ሽንኩርቱ ልስልስ ብሎ፣ ጣፈጥም ኮምጠጥም ይላል። ድሮ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ዓሣው እንዳይበላሽ የተፈጠረ ዘዴ ነው። በዳቦ ጠርጋችሁ ነው የምትጨርሱት።

ሰኞ አትሂዱ፣ የዓሣ ገበያው ዝግ ነው። ደግሞ ሰማያዊ ሸርጣን ሜኑ ላይ ካያችሁ እዘዙ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በዝቶ ቮንጎሌ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ እየፈጀ አጥማጆቹን አስለቅሷል። ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ በተለይ ከስፓጌቲ ጋር።