ጫን በለው፣ ይከፈታል

ነገሩን የጀመረው የውሃ ጥም ነው። አንድ ወዳጄ ኩሽናውን አሳድሶ እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ሄድን። ጨዋታው ሲደራ "ብርጭቆ ላምጣ" ብዬ ተነሳሁ። ኩሽናው ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። እጀታ የሚባል ነገር የለም። ፍሪጁ እንኳ የካቢኔት ሰሌዳ ለብሶ ከመሃል ተደብቋል። ወዳጄ ከሳሎን ሆኖ "ጫን በለው፣ ይከፈታል!" ይለኛል። የቱን? አንዱን ጫን ስለው የቆሻሻ ቅርጫት ተስፈንጥሮ ጉልበቴን መታኝ። ሌላውን ጫን ስለው የዕቃ ማጠቢያው ማሽን አፉን ከፈተብኝ። ቀጥሎ ያለው የእውነት ግድግዳ ኖሯል፤ እሱን በደንብ ገፋሁት። በመጨረሻ የቤቱ ትንሽ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ እሱ እኮ አይከፈትም" ብሎ ጎኑ ያለውን በክርኑ ነካ ሲያደርገው ብርጭቆዎቹ ብቅ አሉ።

እስቲ እጀታ ማንን በደለ? የዘመኑ በር ከኋላው ስፕሪንግ ያለው መቆለፊያ አለው። ሲጫኑት ወደ ውጭ ይገፋል። ለፎቶ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ኩሽና ውስጥ ያለ ሰው እጁ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ወይ ዘይት ነክቶታል፣ ወይ ሊጥ ይዟል፣ ወይ ረጥቧል። ድሮ የሚቆሽሸው እጀታው ብቻ ነበር፤ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፣ አለቀ። አሁን እጀታው ሲነሳ በሩ በሙሉ እጀታ ሆነ። በዚያ ላይ ቀለሙ የማያብለጨልጭ ጥቁር ነው። የጣት አሻራ በመሰብሰብ የወንጀል መርማሪን ያስቀናል። ከቧንቧው ጀምሮ ሁሉም ጥቁር ሆኗል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ደግሞ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ክብ ትቶ ይሄዳል። በብርማው ቧንቧ ላይ ማንም ልብ የማይለው ነገር በጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይነበባል። ስለዚህ ባለቤቱ ጨርቅ ይዞ ቧንቧውን ሲከተል ይውላል።

የሚያበሽቀኝ፣ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው ድሮ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ኩሽና ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ምሳሌ ያደረገችው የባቡር ኩሽና ነበር፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ለስንት መንገደኛ ይበስል የለ! ሥራ ስንት እርምጃና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ተለክቶ ነው ዕቃው ቦታ ቦታውን የያዘው። ዱቄት ነቀዝ እንዳይገባው በኦክ እንጨት መሳቢያ ተቀመጠ። ዝንብ ይሸሸዋል ተብሎ ስለታመነ ቀለሙ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሆነ። ሩዙና ስኳሩ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ስማቸው ተጽፎባቸዋል፣ ለመቅጃ የሚሆን አፍ አላቸው። ደግሞም፣ ልብ በሉልኝ፣ እጀታ አላቸው! ያዝ፣ ሳብ፣ ቅዳ። 10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ራሷ ያን ኩሽና ከመንደፏ በፊት ምግብ አብስላ እንደማታውቅ በኋላ ተናግራለች። የማታውቀውን ሥራ ለክታ አወቀችው። የእኛ ዘመን ሰዎች ግን ስንት ዓመት ያበሰሉበትን ኩሽና አፍርሰው የማያውቁት ቤት ያደርጉታል።

ያ ኩሽና ነቀፋም አላጣው። ጠበበ፣ ከአንድ ሰው በላይ አያስቆምም፣ ሴቷን ከቤተሰቡ ነጥሎ በር ዘጋባት ተባለ። እውነት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ፈረሰ። ኩሽናው ከሳሎን ጋር ተቀላቀለ። መሃል ላይ "አይላንድ" የሚሉት ትልቅ ጠረጴዛ ቆመ፤ ዙሪያው ረጃጅም ወንበር ተደረደረ። ሁሉም ሰው አብሮ እየተጫወተ ያበስላል ተባለ። ጥሩ።

ከዚያስ? ከዚያማ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው ሶፋው ላይ ተኛ። ማሽኑ ሲጮህ ቴሌቪዥኑ አልሰማ አለ። ያልታጠበው ድስት ከእንግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠ። በ1940ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምድጃ፣ ከዕቃ ማጠቢያና ከፍሪጅ መካከል ያለው መንገድ ተደምሮ ከ4 እስከ 7.9 ሜትር ቢሆን ይመረጣል ብለው ነበር። ዛሬ አይላንዱን ዞሮ ፍሪጅ የሚደርስ ሰው ስንቅ ቢይዝ ይሻለዋል።

አሁን የመጣው መፍትሔ ነው ሳቄን የሚያመጣው። ከሚያምረው ኩሽና ጀርባ ሁለተኛ ኩሽና ይሠራል። በር ያለው። ግድግዳ ያለው። ጠባብ። እውነተኛው ምድጃ፣ እውነተኛው ድስት፣ እውነተኛው ሽታ እዚያ ነው። የፊተኛው ለዕይታ ብቻ! ማለትም ግድግዳውን አፍርሰን፣ አዳራሽ ሠርተን፣ ተመልሰን ፍራንክፈርት ገባን። ያውም እጥፍ ከፍለን።

እኔ ተረት ስወድ ልክ የለኝም፤ ከሁሉም ደግሞ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የምትለዋን። ለዚህ ዘመን ኩሽና የተተረተች ትመስለኛለች። ግን ሴትየዋን ትንሽ ብንከላከላትስ? ሁሌ እንስቅባታለን። ቢያንስ ቆጧ የት እንዳለ ታውቃለች። ምን እንዳስቀመጠችበትም ታውቃለች። ጫን በይው አልተባለችም። የእኛ ሰው ግን የላይኛውን ካቢኔት በር ሁሉ አስነቅሎ ክፍት መደርደሪያ አስመትቷል። ሳህኖቹ ለዓይን ያምራሉ። ከምድጃው የሚነሳው የዘይት እንፋሎት ግን ፋሽን አያውቅም። ከአቧራ ጋር ተጣብቆ፣ ማንም የማያነሳውን የዳር ሳህን ቢጫ ቅባት ያለብሰዋል። አንዱን በጣትህ ብትዳብሰው ጣትህ ይያዛል። እንግዲህ የቆጡ ለማየት ብቻ፣ የብብቱ ለመታጠብ ብቻ።

ቂም ካነሳን አይቀር አንድ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ ጊዜ የቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ የሚል ሰው ቤቴ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ከሰው ጋር ነው የመጣው። ኩሽናዬን ቃኘት አደረገና የታጠበ ዕቃ የማንጠፈጥፍበትን መደርደሪያ በአገጩ እያመለከተ "ይሄ ለዓይን ጫጫታ ነው" አለኝ። ጫጫታ! የታጠበ ሳህን! ዝም ብሎ የሚደርቅ! ከዚያ ሻይ አቀረብኩለት። በምን ጠጣ? ከዚያው ጫጫታ በተነሳ ኩባያ። ምናለ ያኔ እንዲህ ብዬው ቢሆን እያልኩ ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ቧንቧ የሚያስተክለው። ድስቱን ውሃ ሞልቶ ላለመሸከም ነው ይልሃል። ውሃው ከፈላ በኋላ ለመድፋት ወደ ማጠቢያው የሚሸከመውስ ማነው? ቀዝቃዛውን ከመሸከም አድኖህ የሚፋጀውን ያሸክምሃል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አይመጣልኝም። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ድንጋይ። መጀመሪያ ሁሉም እብነ በረድ አማረው። እብነ በረድ በብዛት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት አሲዱ ይበላውና ወዙን ያጣል። ስለዚህ ሰዉ ወደ ፋብሪካው ድንጋይ፣ ኳርትዝ ወደሚሉት ዞረ። እሱ አብዛኛው የተፈጨ ኳርትዝ ሆኖ በሙጫ የተጋገረ ነው። ሎሚ አይነካውም። ሲቆረጥ ግን የሚያቦነው ብናኝ በሲሊካ የተሞላ ነው። ቆራጩ ሠራተኛ ይተነፍሰዋል፣ ሳንባው ይጠጥራል፣ ሲሊኮሲስ ይይዘዋል። መዳኛ የለውም። ከታመሙት ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ መሥራትም ማቅረብም መግጠምም ከለከለች። ሌላው ዓለም ገና የቀለም ካታሎግ እያገላበጠ ነው። ሎሚ ምልክት እንዳይተው ተብሎ ነው እንግዲህ። ከዚያ ደግሞ "ነጩ ይሻላል ወይስ ግራጫው?" ብሎ ሰው ሲያማክረኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

መታጠቢያ ቤት እንግባ፣ ይሻላል። ሻወሩ በር የለውም። አንድ መስታወት ቆሟል፣ በዚያ በኩል ውሃው እንደፈለገ ይወጣል። የሚታጠበውን ብርድ ይመታዋል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ካልሲው ይረጥብበታል። ገንዳው ደግሞ ከግድግዳ ተላቆ መሃል ላይ ብቻውን ቆሟል። ሳሙና የምታስቀምጥበት ጠርዝ የለውም። ከኋላው ያለው ክፍተት መወልወያ አያስገባም፣ አቧራን ግን ያስገባል። የእጅ መታጠቢያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ቁመቱ ከፍ ስለሚል ልጅ ሲታጠብ ውሃው በክርኑ ወርዶ ብብቱ ይገባል። ስለ ዘመናዊው መጸዳጃ ብዙ አልልም። የጃፓኑ ቶቶ ኩባንያ ዎሽሌት ያለውን በ1980 ካወጣ ወዲህ ይታጠባል፣ ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ በጥሩ ጎኑ እቀበለዋለሁ። ብቻ እንግዳ ቤት ሄጄ ግድግዳው ላይ ያን ሁሉ ቁልፍ ሳይ የትኛውን ብነካ የት እንደሚረጨኝ ስለማላውቅ እጄን እሰበስባለሁ።

እዚያ ቤት ውስጥ እውነተኛ ጥበብ ካለ ማንም ፎቶ የማያነሳው ጠማማ ቱቦ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1775 ለንደን ላይ የባለቤትነት መብት ያወጣበት። ጠመዝማዛው ውስጥ የምትቀረው ትንሽ ውሃ ከታች የሚመጣውን ሽታ ትዘጋለች። ስፕሪንግ የለው፣ ሴንሰር የለው፣ ባትሪ የለው። ሌላው ሁሉ ባይኖር ቤት ይኖራል። እሷ ባትኖር ማናችንም እዚያ ቆመን ስለ ሴራሚክ ቀለም አናወራም ነበር።

ስለ እጀታ ነበር ወሬያችን። ይመለሳል፣ አትስጉ። በ1970ዎቹ አረንጓዴ መታጠቢያ ቤት የነበረው ሰው ስንት ዓመት ተሳቀበት፤ ዛሬ አረንጓዴ ካቢኔት ያላስገባ ዘመናዊ አይባልም። እጀታም እንደዚሁ፣ ነሐስ ለብሶ፣ ዋጋው ከበሩ በልጦ፣ "አዲስ ግኝት" ተብሎ ይመጣል። ያኔ እነዚያ ልሙጥ በሮች ሁሉ በመሰርሰሪያ ይበሳሳሉ። እኔ የምቸኩለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እጀታ በር መክፈቻ ብቻ አልነበረም፣ የጨርቅ መስቀያም ነበር። እጅ የሚጠረግበትን ጨርቅ በዘመናዊ ኩሽና ውስጥ የት ነው የሚሰቀለው? ያየሁት ሁሉ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ነው የሚዞረው፣ ባለ ሁለት ኩሽናውም ጭምር።