«ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል» ያለኝን ልጅ አምጡልኝ

ዛሬስ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው።

አንድ ደንበኛ ለልደቷ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ስልኳን አውጥታ ግማሽ ፊቱ ሮዝ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ ፎቶ አሳየችኝ። «ልክ እንደዚህ» አለች። የባለሙያውን መብራት ዋጋ አውቀዋለሁ፣ አቅሜ አይደለም። ስለዚህ ራሴ ልሥራው አልኩ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ልጅ በ5 ደቂቃ እየሳቀ ጨረሰው። እኔ 3 ሳምንት ፈጀሁ፣ ሳቅም የለም።

መጀመሪያ 500 ዋት ፓውዛ ላይ የስጦታ መጠቅለያ ፕላስቲክ አሰርኩ። ሁለት ፎቶ ሳላነሳ ተኮማትሮ ቀለጠ። ሽታው እስካሁን መጋረጃው ላይ አለ።

ከዚያ መርካቶ ወርጄ 5 ሜትር ባለቀለም ኤልኢዲ (ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ገመድ) ገዛሁ። «ኦርጅናል ነው?» «ኦርጅናል ነው ወንድሜ!» (መርካቶ ውስጥ «ፎርጅድ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) 300 አምፖል ነው፣ ሙሉ ሲበራ 72 ዋት ይፈልጋል። በ12 ቮልት 6 አምፔር ማለት ነው። አብሮ የሰጠኝ አዳፕተር ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 2 አምፔር! በ10 ደቂቃ እንቁላል የሚጠብስ ሆነ።

ሌላ አዳፕተር ገዝቼ ቺፑድ ላይ ለጠፍኩት። ነጭ ሳደርገው ጫፉ ቀላ። ለካ ርቀቱ ሲረዝም ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሰማያዊና አረንጓዴው ደግሞ ከቀዩ ቀድመው ይደክማሉ። በሁለቱም ጫፍ ሽቦ መበየድ ነበረብኝ። የዩቲዩቡ ልጅ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም።

እሱም ይሁን። ያንገበገበኝ መስመሩ ነው። ብርቱካናማ ሳደርግ በዓይን ምንም አይታይም፣ ፎቶው ላይ ግን ልጅቷ የሜዳ አህያ መስላለች። መቆጣጠሪያው ቀለም የሚቀላቅለው አምፖሉን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ነው። እኛ አናየውም፣ ካሜራው ግን አይምርም። ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) ከ1/200 ወደ 1/50 ሰከንድ ሳዘገየው መስመሩ ሳሳ፤ በምትኩ ስትስቅ ፊቷ ይደበዝዛል። ለልደት ፎቶ የመጣን ሰው «አትሳቂ» ይባላል?

አሁን ደግሞ ወደ አከራዬ ልምጣ። የምኖረው ሰርቪስ ቤት ነው፣ ቆጣሪው የጋራ። ማታ ቀዩን ስሞክር በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ምንድነው ይሄ ቀይ መብራት? ሰፈሩ ምን ይለኛል? ቤቴን ቡና ቤት አደረግከው እኮ!»

«እትዬ፣ ለፎቶ ነው።»

«ፎቶ በቀይ መብራት? ደሞ ቆጣሪው እንደ ጉድ እየሮጠ ነው!»

እትዬ ምጣዳቸውን የሚጥዱት በዚሁ ቆጣሪ ነው። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። የኔ 72! ይሄን ግን ለአከራይ ማን ደፍሮ ያስረዳል? አጥፍቼ ተኛሁ። ቀረጻውን ቀን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ጨረስኩ። መሀል ላይ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ግን እሱን ለምጄዋለሁ።

ትናንት እትዬ ራሳቸው መጡ። ፈገግ ብለዋል።

«ልጄ፣ ያቺን ሮዟን ለቅዳሜ ታውሰኛለህ? የልጅ ልጄ ልደት ነው።»

ቆጣሪውስ ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «እሺ እትዬ» ብዬ አዳፕተሩን ጭምር ሰጠኋቸው።