በየወሩ ጡትን በእጅ መመርመር፦ ይጠቅማል ወይስ ያስጨንቃል?

ጥያቄው አጭር ነው። ምንም ምልክት የሌላት ጤነኛ ሴት በየወሩ ቀን ቆርጣ ጡቷን በእጇ መመርመር አለባት ወይ? አዎ የምትለው ደጋፊ በ36 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት የታከመች እናት ናት። የለባትም የምትለው ተቃዋሚ ደግሞ ሐኪም ናት።

ደጋፊ፦ እጢዋን ያገኘኋት እኔው ነኝ። ማሽን አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም። የወር አበባዬ በሄደ በአራተኛው ቀን፣ እንደ ልማዴ በሦስት ጣቴ ስዳስስ፣ ግራ ጡቴ ላይ ወደ ብብቴ ጠጋ ብላ አንዲት ጠጣር ነገር ተነካችኝ። ሽምብራ ታክላለች። አታምም። ባለፈው ወር አልነበረችም።

ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ ምርመራ፣ ለአብዛኛዋ ሴት የሚመከረው እንደየአገሩ ከ40 ወይም ከ50 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ማን ይጠብቀን? ያለን እጃችን ነው። እጅ ወረፋ የለውም፤ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። በዚያው ዓመት 670,000 ሰው ሞቶበታል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ምንም የተለየ አጋላጭ ነገር አልነበረባቸውም። ስለዚህ «በዘራችን የለም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፉ። ከልቤ ነው። ግን እኔ የምከራከረው ለሚሊዮኖች ስለሚሰጥ ምክር ነው። ይህ ምክር ደግሞ ተፈትኗል።

ቻይና፣ ሻንጋይ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266,064 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የጡት ምርመራን በደንብ ተማሩ፣ በባለሙያ ፊት ተለማመዱ፣ እንዳይረሱም በየጊዜው ተነገራቸው። ሌሎቹ ምንም አልተማሩም። ከአሥር ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ሴቶች በጡት ካንሰር ሞተው ነበር። ምርመራው ሞትን አልቀነሰም። የጨመረው ሌላ ነገር ነው። ካንሰር ያልሆነ እብጠት የተገኘባቸው በተማሩት ዘንድ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቁጥሩ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ። 22 ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አላየችም። ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ጡቷ ላይ ያገኘችው ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ በወጣትነት በጣም የተለመደ፣ ላዩ ለስላሳ፣ ሲነኩት እንደ እብነ በረድ ኳስ ከጣት ሥር የሚሸሽ እጢ። ካንሰር አይደለም። ከ35 በኋላ ደግሞ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይበዛሉ። የወር አበባ ሲቃረብ ያብጣሉ፣ ያማሉ፣ ከዚያ ይቀንሳሉ። ጡት በተፈጥሮው ጎርበጥባጣ ነው። በየወሩ «ፈልጊ» ከተባለች ሴት አንድ ነገር ማግኘቷ አይቀርም።

ደጋፊ፦ ዶክተር፣ የዚያች ልጅ ጭንቀት ይገባኛል። ግን ሦስት ሳምንት መጨነቅና ሦስት ዓመት ዘግይቶ መምጣት እኩል አይደሉም።

እጅ አይሠራም ካልን ደግሞ ሕንድ፣ ሙምባይ የተደረገውን ጥናትስ ምን እናድርገው? 151,538 ሴቶች ተሳትፈዋል። በአንደኛው ወገን የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መረመሩ። ማሞግራም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚለው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ በጡት ካንሰር መሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ተቃዋሚ፦ ጥሩ ጥናት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ የሠለጠነ ሰው እጅ ነው እንጂ የራስ እጅ አይደለም። ከ50 በታች በሆኑት ዘንድ ደግሞ ሞትን ሲቀንስ አልታየም። እርስዎ የሚከራከሩላት የ36 ዓመቷ ሴት ሞት ከቀነሰላቸው ውስጥ የለችም።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ካንሰር የተገኘባት ሴት ፊቴ ተቀምጣ መጀመሪያ የምትለኝ ብዙ ጊዜ «በየወሩ አላየሁትም ነበር» ነው። ራሷን ትከሳለች። ሕመሟ ሳያንስ ጥፋተኛ አደረግናት። ሞትን መቀነሱ ባልተረጋገጠ ግዴታ እንዲህ ልናሸክማት አይገባም።

ደጋፊ፦ ይህን አልክድም። እኔም ሦስት ወር ዘልዬ ቢሆን ኖሮ ራሴን እከስ ነበር።

ግን ያልነገርኩዎት ነገር አለ። እጢዋን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ያየኝ ባለሙያ በእጁ ነካ ነካ አደረገና «ወጣት ነሽ፣ ምንም አይደለም፣ ሂጂ» አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። እኔ ግን አልሄድኩም። ጡቴን አውቀዋለሁ። ለዓመታት በየወሩ ነክቼዋለሁ። «ይህቺ ባለፈው ወር አልነበረችም» ስል በእርግጠኝነት ነበር። ሌላ ቦታ ሄድኩ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ሆነ። ያንን የመሟገት ድፍረት የሰጠኝ ልማዴ ነው። የሻንጋዩ ጥናት ይህን አይቆጥርም።

ተቃዋሚ፦ እስካሁን ካነሱት ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በሙያዬም አፈርኩ። አንድ እብጠት በመንካት ብቻ «ምንም አይደለም» አይባልም። በእጅ ይመረመራል፣ በምስል ይታያል፣ ካጠራጠረ ናሙና ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው ተጠናቅቆ ውጤት እስኪታወቅ ከ60 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ሴት የምትሞተው እጢው ሳይገኝ ቀርቶ ሳይሆን ከተገኘ በኋላ ባለው መመላለስ ነው።

ለዚህም ነው ጉልበታችንን በየወሩ ሥርዓት ላይ አናፍስሰው የምለው። ጡትን ማወቅ አዎ። ሲታጠቡ፣ ልብስ ሲለውጡ፣ መስታወት ፊት። የሚያስቸኩሉት ምልክቶች ብዙ አይደሉም፦ አዲስ ጠጣር እብጠት፣ የጡት ጫፍ ድንገት ወደ ውስጥ መግባት፣ ሳይጫኑት ከአንድ ጡት የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ የብብት እብጠት። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ ቢያተኩስ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፤ በመድኃኒት ካልተሻላት ግን ዳግም መታየት አለባት። እናቷ ወይም እህቷ በወጣትነት የታመመችባት ሴት ደግሞ ነገሯ ሌላ ነው። የዘር ምርመራ ሊያስፈልጋት ይችላል። አደገኛው የዘር ለውጥ ከተገኘባት ከ25 ወይም ከ30 ዓመቷ ጀምሮ በኤምአርአይ፣ በማግኔት በሚሠራ የምስል ምርመራ፣ ጭምር ትከታተላለች። እሷን «እጅሽ ይበቃሻል» ማለት ማታለል ነው።

ደጋፊ፦ ይበቃል አላልኩም። ማሞግራምን ይተካልም አላልኩም። ግን «ሲታጠቡ እወቁት» የሚባለው ምክር ይረሳል። ሰው ቀን ያልቆረጠለትን ነገር አያደርግም። ደግሞ መቼ መንካት እንዳለባት ያልተነገራት ሴት የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ነክታ ትደነግጣለች። እርስዎ የሚፈሩትን ድንጋጤ የሚቀንሰው ትክክለኛውን ቀን ማስተማር ነው፤ የወር አበባ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጡት በለሰለሰበት ጊዜ።

ልጄ 19 ዓመቷ ነው። በየወሩ አስታውሳታለሁ።

ተቃዋሚ፦ ያስታውሷት። ብትረሳ ግን አይቆጧት። በእርስዎ ታሪክ የተነሳ ከሌሎች ቀድማ ከሐኪም ጋር መማከር ያለባት እሷ ናት። በ36 ዓመትዎ ስለታመሙ የእርስዎ የዘር ምርመራ መጀመሪያ ይታይ፤ የእሷ ክትትል ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር በዚያ ይወሰናል። ተመርምረዋል?

ደጋፊ፦ አልተመረመርኩም። ማንም አልነገረኝም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ከዚያ እንጀምር። ልጅዎንም ይዘዋት ይምጡ።