ቁጠባ በሐይቅ ዳር

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጀት አጠራቸው ብሎ ሰው ሁሉ ያዝናል። እኔ የሐዋሳ ሰው ስለሆንኩ አላዝንም። በጀት ባጠረ ቁጥር እንግዳ ይበዛልናል። ሰኔ ላይ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በር እለፉ። ግቢው በኮድ 4 መኪና ተጨናንቋል። በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፦ «የወጪ ቅነሳና የሀብት አጠቃቀም የምክክር መድረክ»። ከዓይን ያውጣቸው! ስለ ጾም ሊመክር ቁርጥ ቤት የሚቀመጥ ሰው እኮ ቆራጥ ነው።

«ግቢያቸው ውስጥ አዳራሽ የለም ወይ?» የሚል ምቀኛ አይጠፋም። አለ እንጂ። ግን ለሠርግ ተከራይቷል። «የውስጥ ገቢ» የሚባለው ይኼ ነው። ከሙሽራው የተገኘው ብር ለሆቴሉ አዳራሽ ይከፈላል። ብሩ እጅ ቀየረ እንጂ የት ሄደ?

ለምን ሰኔ ላይ? የሚል ደግሞ የመንግሥት ቤት ሠርቶ አያውቅም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተነካ ብር ተመላሽ ይሆናል። ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት ለከርሞ ሲጠይቅ «የአምናውን መች ጨረሳችሁት?» ይባላል። እናም ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲባል የከረመው ብር ሰኔ ላይ ከች ይላል። ኬሚካል ይገዛበት እንዳትሉ። ኬሚካል ጨረታ ይፈልጋል። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ሆቴል በአንድ ስልክ ይያዛል።

ላብራቶሪውም ቢሆን አልተጎዳም። መምህሩ ቢሬቱን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበትን የመስታወት ቱቦ፣ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስለዋል። ከሥሩ ብልቃጥ ይስላል፣ ጠብታዋንም ይስላታል። ቀለሙ ሲቀየር ግን በቃል ይነገራል፤ «አሁን ሮዝ ሆነ በሉ»። ተማሪዎቹም ሮዝ ብለው ይጽፋሉ። በጠመኔ የተሳለ ቢሬት አይሰበር፣ አይሰረቅ፣ ንብረት ክፍል አይጠየቅበት። ከዚህ በላይ ቁጠባ አለ?

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ስም የታተመበት ቦርሳ፣ ማስታወሻ ደብተርና የታሸገ ውሃ ይታደላል። ስለ ወረቀት አልባ ቢሮ የሚያወራው ጽሑፍም በከለር ታትሞ ይታደላል። ከዚያ የምግቡ ነገር ይነሳል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። 22 ገባ። በ2017 ደግሞ 100 ብር ሆነ፤ ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት። አቅራቢው «ይህ በተቋሞቻችን ላይ ከፍተኛ ጫና አሳድሯል» ሲሉ ቤቱ ዝም ይላል። ሐዘኑ እስከ ሻይ እረፍት ይቆያል። ሳምቡሳው ሲመጣ ይበርዳል። እዚያው ሆቴል 100 ብር ይዘህ ዓሣ ጥብስ ብታዝዝ አስተናጋጁ ሎሚውን ብቻ ሊያመጣልህ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ «የመስክ ጉብኝት» ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይኬዳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ዓሣ አጽጂዎቹ እግር ሥር ቆመው የሚጣልላቸውን ይቀበላሉ። ያለ ፊርማ! የእኛ እንግዶች ግን ጠዋትም ማታም ይፈርማሉ። ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው።

ማታ ላይ ሐሳብ ይመነጫል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ሌሎቹም ገቢ እናመንጭ እያሉ ነው። የማታ ትምህርት፣ ዳቦ ቤት፣ የወተት ላም። ላሟን የሚያጠና ኮሚቴ ወዲያው ይዋቀራል። ኮሚቴው ልምድ ለመቅሰም መውጣት አለበት። ላሟ ሳትገዛ የመጀመሪያው ወጪ ተወራረደ ማለት ነው።

የእኛ ከተማ ሰዎችስ? እነሱ ሲመክሩ አዳማ ይሄዳሉ። የአዳማዎቹ እኛ ጋ ይመጣሉ። ባቱ ላይ ቁርስ ቤት ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ሒሳብ ለመክፈል ይታገላሉ። እዚያው ተቀምጠው ቢመክሩ ስንት ነዳጅ ይተርፍ ነበር ያለኝ አንድ ሹፌር አለ። ወዲያው አበሉን በጣቱ ቆጠረና «ተወው ባክህ» አለኝ።