ልጅ በዕድሉ አያድግም

ወገኖቻችን፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ከአፋችን እናውጣው። በየቤታችን ብዙ ጥፋት የሸፈነልን እሱ ነው። ለአራሷ ቅቤ የዋጠ ገንፎ እናገነፋለን፤ ጎረቤት ጠርተን እልል እንላለን፤ ለክርስትናው በግ እንጥላለን። ያው ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ግን የሚቀርብለት በውሃ የቀጠነ አጥሚት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው፤ በሽታን የመቋቋም አቅሙም ትምህርት የመቀበል አቅሙም አብሮ ይጎዳል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ፣ በኋላ ቢያበሉት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ድርቅም ድህነትም ጦርነትም ድርሻ አላቸው፤ ይህን አንክድም። ዶሮ እያለ ዕንቁላሉ ሁሉ ገበያ እየወጣ የሚቀነጭረውን ልጅ ግን ዕድሉ ነው አንበል።

ሦስት ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በአምስተኛው ወር ገደማ 6 ኪሎ፣ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ይሆናል። ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። አንጎሉም በዚያው ዓመት እጥፍ ያህል ያድጋል። ሰው ከእናቱ ማኅፀን ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ዓመት ዳግመኛ አያገኝም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚመለከተው ምክር አጭር ነው፤ ጥፋቱ ግን ከባድ ስለሆነ ስሙን። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫውን እንገር ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትድፉት፤ በሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያው መከታው ነው። ቅቤ አታስውጡት፣ የስኳር ውሃና የአብሽ ውሃ አታቅምሱት። እትብቱ ላይ እበትም ቅቤም አይደረግ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከጤና ተቋም የሚሰጣችሁን የክሎርሄክሲዲን ቅባት እንደታዘዘው ቀቡት፤ ካልተሰጣችሁ ደግሞ ንጹሕና ደረቅ አድርጋችሁ ተዉት። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ለሕፃን መድኃኒት ሆኖ አያውቅም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ይገድላል። ብርድ እንዳይመታው ብላችሁም በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥላችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ ባይታይም እናትና ልጅን በእንቅልፋቸው ይወስዳል።

እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ስንል ውሃም አይጨመርም ማለታችን ነው። የእናት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ በአፋር ሙቀት እንኳ የሕፃኑን ጥም ይቆርጣል። ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። «ወተቴ አነሰ» የምትል እናት ሽንቱን ትቁጠር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ክብደቱም የሚጨምር ልጅ እየጠገበ ነው። ጡጦ ሲገባ ግን ልጁ ጡት መሳቡን ስለሚቀንስ ወተቱ የእውነት ያንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናቲቱ የሚሰጣት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ሥራ የምትገባው ልጇ ገና ሦስት ወር ሳለ ነው። እጇን ታጥባ ወተቷን ታልብና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ታስቀምጥ፤ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። አይፈላም፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ማድረግ ይበቃል። የምትጠብቀው ሠራተኛ ወይም አያት በስኒ ታጠጣው። የጡጦ ጡት ውስጡ በደንብ ስለማይታጠብ ተቅማጥ የሚራባው እዚያ ነው። አሠሪዎችም ለማለቢያ የሚሆን አንድ ንጹሕ ክፍልና 20 ደቂቃ አትንፈጓት።

ከሁሉ በላይ የምንወቅሳችሁ በምግቡ ነው። ስድስት ወር ሲሞላ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን ክምችት እያለቀ ነው፤ ጡት ብቻውን አይበቃውም። የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ የሚይዘው አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ነው። ያችን ሆድ በቀጭን አጥሚት ብትሞሉት ውሃ ሞላችሁት፤ አልቅሶ ሳይጨርስ መልሶ ይራባል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከገንፎው በማንኪያ ቁረሱና ማንኪያውን ዘንበል አድርጉት። እንደ ሾርባ ከወረደ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ ልክ ነው።

ዱቄቱን ስታዘጋጁ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ያላችሁን) ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ደባልቁ። ሽምብራውን፣ አተሩን ወይም ባቄላውን አምሱት፣ ክኩት፣ ገለባውን አበጥሩና ከእህሉ ጋር አስፈጩት። ከአሥራ ሁለት ዓይነት እህል የተቀላቀለ «ምጥን» ስላላችሁ ብቻ ልጁ የተመጣጠነ በላ ማለት አይደለም። እህል በእህል ላይ ቢደረብ ያው እህል ነው፤ የሚጎድለው ዕንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ሥጋውና አትክልቱ ነው። ገንፎው እሳት ላይ እያለ አንድ ዕንቁላል መትታችሁ ጨምሩና እስኪበስል አማስሉት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ አክሉበት። በደቀቀ ጎመን፣ በተፈጨ ካሮት ወይም ዱባ ቀያይሩለት። ጉበትና ቀይ ሥጋ ካገኛችሁ በደንብ አብስላችሁ አድቅቃችሁ ስጡት፤ ጥሬ ሥጋ የሕፃን ምግብ አይደለም። ገንፎው ጠንክሮበት እንቢ ካለ ውሃ አትጨምሩ። ከእሳት አውርዳችሁ ጥቂት በረድ ሲል፣ ጌሾ ያልነካው አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። ብቅሉ ገንፎውን ያላላዋል፣ ጉልበቱ ግን አይቀንስም። ከዚያ መልሳችሁ አፍሉትና አቀዝቅዛችሁ አብሉት።

በሁለትና ሦስት ማንኪያ ጀምሩ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። እስከ ስምንተኛው ወር በአንድ ማዕድ ግማሽ ብርጭቆ ይድረስ። ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም የተፈጨ ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ድንች መክሰስ ይኑረው። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልቅ ትሪ የሚጎርስ ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። ዳቦ በሻይ ነክራችሁ አትስጡት፤ ሻይ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይይዝበታል። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ያለ ተሕዋስ የሕፃንን ጡንቻ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። ቆሎና ለውዝ ከነፍሬው ያንቃሉና ይራቁ።

በጾም ወራት የሚሆነውን ደግሞ ዝም ብለን አናልፍም። የዓመቱ ግማሽ ገደማ ድስታችን ጾም ነው፤ ዕቃ እንዳይነካ እየተባለ ሕፃኑም አብሮ ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አላለችም፤ የከለከልነው እኛ ነን። ዕቃው ካሳሰባችሁ ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ። ዕንቁላል ደግሞ ከነቅርፊቱ ይቀቀላል፤ ልጣችሁ በጡት ወተት አላቁጡለት። እናንተ የንስሐ አባቶች፣ ይህን ሄዳችሁ ለእናቶች ብትነግሩልን ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ሲያስቀምጠው ምግብ መከልከልም ሌላው ክፉ ልማዳችን ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጡቱንም ምግቡንም ይቀጥል። ኦ.አር.ኤስ. (ተቅማጡ ያሳጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ይበጥበጥና በማንኪያ ቀስ እያለ ይሰጠው፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋ። ዚንክም ለ10 ቀን ይውሰድ፣ ተቅማጡ ቢቆምም። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ቤት አታቆዩት።

አንጎሉም እንደ ሆዱ ይራባል። «ሕፃን ምን ያውቃል» ብለን ዝም እንለዋለን፤ እሱ ግን ከተወለደ ጀምሮ የእናቱን ድምፅ ይለያል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከፊቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን፣ ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበትን ርቀት ነው። እዚያ ርቀት ላይ ሆናችሁ አነጋግሩትና ዝም በሉ። አፉን ያላውሳል፣ ከሁለት ወር በኋላ «እግ» ይላል። ያኔ መልሱለት፤ ንግግር የሚማረው በዚህ ምልልስ ነው። አባቶች፣ ይህን ለማድረግ ጡት አያስፈልግም። ነጠላ በፊታችሁ ጋርዳችሁ ግለጡለት፣ እህል ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ የዘጋችሁትን ጠርሙስ አቅጭሉለት፣ የሚነካውን ሁሉ ስሙን ጥሩለት። ስልክ ሰጥቶ ማስተኛት ይቅር፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመከርም። ማዘል ደግ ነው፤ ሙሉ ቀን ግን አይታዘል። ነቅቶ ሳለ፣ እያያችሁት፣ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ይተኛ። መዳህ ሲጀምር የዶሮ ኩስ ካለበት ወለል አርቁት፤ ረከቦቱንና የከሰል ምድጃውንም እሱ ከማይደርስበት አድርጉት፤ የጀበና ቡና የስንቱን ሕፃን ገላ ልጧል።

ፀሐይ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ከጠዋቱ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይሙቅ። ልብሱን አውልቁለት፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ወይም በመስኮት መስታወት በኩል የሚሞቅ ልጅ ቫይታሚን ዲ አያገኝም፣ እግሩም ሊጎብጥ ይችላል።

ክትባቱ በተወለደ ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር ደግሞ የኩፍኝ ነው። ብዙ ሰው የ14 ሳምንቱን ዙር ጨርሶ ይጠፋል፤ የ9 ወሩን አትርሱ፣ በ15 ወርም ተመለሱ። ለክትባት ስትሄዱ ሌላም ነገር ለባለሙያዋ ንገሩ፦ በአራት ወሩ አንገቱን ካላጸና፣ በዘጠኝ ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በዓመቱ በጣቱ ካልጠቆመ፣ ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ከተወ። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብላችሁ አትለፉት፤ ዓይን በልቶት ነው ብላችሁም ጓዳ አትደብቁት። ጆሮው ይፈተሽ፤ መስማት የተሳነው ሕፃን ቶሎ ከታወቀ በምልክት ቋንቋም ሆነ በመስሚያ መሣሪያ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ከእናቱ ጋር ይነጋገራል።